ወንድሜ «ሰውን የሠሩት አኑናኪዎች ናቸው» ይለኛል፤ እንዴት ላናግረው?

የጉለሌዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በሙያዬ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ስለ ቅሪተ አካልም ሆነ ስለ ጥንት ጽሑፍ የማውቀው ትምህርት ቤት የተማርኩትን ብቻ ነው። የምታውቁ እርዱኝ።

ታናሽ ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው። የምንተኛው አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ መሃላችን ያለው መጋረጃ ብቻ ነው። ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ ማታ ማታ ማዳመጫ ጆሮው ውስጥ ከትቶ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ዩቲዩብ ያያል። የስልኩ ብርሃን በመጋረጃው አልፎ ይታየኛል። መጀመሪያ የሚያየው ስለ ግብፅ ፒራሚዶች ነበር። ቀጥሎ ኒቢሩ ስለምትባል ፕላኔት ሆነ። አሁን ደግሞ አኑናኪ የሚባሉ ፍጡራን ከዚያች ፕላኔት ወርቅ ፍለጋ አፍሪካ መጡ፤ ቁፋሮው ሲከብዳቸው የራሳቸውን ዘር ከዝንጀሮ ጋር አዳቅለው ሰውን ሠሩ ይላል።

ባለፈው እሑድ እናታችን ከቅዳሴ ተመልሳ ቡና እየቆላች ነበር። «እማ፣ መጽሐፈ ሄኖክ ላይ ያሉት ትጉሃን የሚባሉት መላእክት እኮ እነሱ ናቸው። ላሊበላንም አክሱምንም የሠሩት እነሱ ናቸው» አላት። እማ መቁላቱን ትታ አየችው። ቡናው አረረ። እስከ ማታ ድረስ አልተነጋገሩም።

ለእኔ የሚያመጣው ደግሞ ሳይንስ ነው። «በዝንጀሮና በሰው መካከል ያለው ፍጡር እስከ ዛሬ አልተገኘም» ይላል። «ቺምፓንዚ 48 ክሮሞዞም አለው፤ ሰው 46። ሁለቱን ማን አጣበቃቸው?» ይለኛል። መልስ የለኝም፤ ዝም እላለሁ። ዝም ስል ደግሞ የረታኝ ይመስለዋል። መርታቱ አይደለም የሚያስጨንቀኝ። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ፊዚክስ ይወዳል። የሚጠይቀውም ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን የሚሰማው ግን ከአንድ ወገን ብቻ ነው።

«ተይው፣ ያልፍለታል» እንዳትሉኝ። ቁጭ ብዬ ላወራው እፈልጋለሁ። ምን ይዤ ልቅረብ?

የአዋሽ ዳር፦

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ የ54 ዓመት ሰው ነኝ፤ ሙያዬ ጂኦሎጂ ነው። አራት ኪሎ ተማሪ ሳለሁ ሁለት ወቅት አፋር ውስጥ፣ መካከለኛው አዋሽ፣ ከቅሪተ አካል ፈላጊዎች ጋር ሠርቻለሁ። በዓይኔ ካየሁት ልጀምርልሽ።

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እንነሳለን። ቁርሳችን ሻይና ከትናንት የተረፈ ዳቦ ነው። ፀሐይ ዝቅ ብላ ሳለ ቦታው ላይ መድረስ አለብን። ብርሃኑ በጎን ሲመጣ አጥንት ጥላ ይጥላል፤ ከድንጋይ ይለያል። አራት ሰዓት ካለፈ ሁሉም ነገር ነጭ ይሆንብሻል። ትከሻ ለትከሻ ተደርድረን፣ ዓይናችንን መሬት ላይ ተክለን ዳገቱን እንወጣለን። አንዳንዱ ቦታ በእንብርክክ ነው፤ ጠጠሩ ጉልበት ይልጣል። ከሁላችንም የተሻለ የሚያዩት አብረውን የሚሠሩት የአፋር ልጆች ነበሩ። እኔ ሦስት ጊዜ ያለፍኩበት ቦታ ላይ አንዱ ጎንበስ ብሎ የአሳማ ጥርስ ያነሳል።

አብዛኛው የሚገኘው ይኸው ነው። የአሳማ ጥርስ፣ የጉማሬ መንጋጋ፣ የድኩላ ቀንድ፣ የአዞ ጥርስ። በሁለቱ ወቅት እኔ በእጄ ያገኘሁት ትልቁ ነገር አንድ የጦጣ ጥርስ ነው። ዛሬም ቦታውን ዓይኔን ጨፍኜ አገኘዋለሁ። የሰው ወገን የሆነ ቁራጭ ከተገኘ ግን ሁሉም ባለበት ይቆማል። ዙሪያው ያለው አፈር ይዛቅና በወንፊት ይነፋል። ቀን ሙሉ፣ ሳምንት ሙሉ። ድንቅነሽም የተሰበሰበችው እንደዚያ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 24 ቀን 1974 ሐዳር ላይ ዶናልድ ዮሐንሰን መጀመሪያ ያየው የክንድ አጥንት ቁራጭ ነበር። ያን ዕለት አጠገቡ ሌሎች ቁርጥራጮችም ታዩ፤ የቀረው የመጣው ከሳምንታት ንፋት በኋላ ነው። በመጨረሻ ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ ተገኘ።

የእኔ ሥራ አመዱ ነበር። ወንድምሽ «ዕድሜውን ከየት አመጡት?» ካለሽ ይህን ንገሪው። ስምጥ ሸለቆው የእሳተ ገሞራ አገር ነው። ተራራው ሲፈነዳ አመዱ ወንዙንና ሐይቁን ያለብሳል። ከዚያ ደለል ይተኛበታል። ከዚያ ሌላ አመድ። መሶብ ውስጥ እንደተደራረበ እንጀራ ነው፤ ከታች ያለው ቀድሞ የተጋገረው ነው። አመዱ ውስጥ ፌልድስፓር የሚባሉ ትንንሽ ክሪስታሎች አሉ። በውስጣቸው ፖታሲየም አለ። ከፖታሲየም አንዱ ዓይነት፣ ፖታሲየም 40፣ በጣም በዝግታ ከፊሉ ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል። ግማሹ ለማለቅ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። ድንጋዩ ቀልጦ ሳለ ጋዙ ያመልጣል። ሲቀዘቅዝ ክሪስታሉ ይዘጋል። ከዚያ ወዲህ የተፈጠረው አርጎን መውጫ የለውም፤ ይጠራቀማል። ያን ትለኪያለሽ። አንቺ የሒሳብ ሰው ነሽ። ወለዱ ከታወቀ፣ የተጠራቀመውም ከታወቀ፣ ገንዘቡ መቼ እንደገባ ማስላት አያቅትሽም።

ብዙ ሰው «ካርቦን 14 አያስተማምንም» ብሎ ይከራከረኛል። ካርቦን 14 ሌላ የዕድሜ መለኪያ ነው፤ ከ50,000 ዓመት ገደማ በላይ አይሠራም። ለድንቅነሽም ማንም አልተጠቀመበትም።

አሁን «መካከለኛው አልተገኘም» ወደሚለው ልምጣ። ይህ አባባል አገራችን ውስጥ ሲነገር ልቤን ያመኛል። የተገኘው እዚሁ ነዋ! አንድ ነገር አስቀድሜ ላጥራ፤ ሰው ዛሬ ከምናያቸው ዝንጀሮዎች መጣ የሚል ሳይንቲስት የለም። እኛና ቺምፓንዚ አንድ የጥንት አያት አለን ነው የሚባለው። ከዚያ አያት ወዲህ ባለው መንገድ ላይ አራሚስ የተገኘችው አርዲ 4.4 ሚሊዮን ዓመቷ ነው። የእግሯ አውራ ጣት ቅርንጫፍ ይጨብጣል፤ መሬት ላይ ግን ቆማ ትሄዳለች። የመጀመሪያዎቹን የእጅ አጥንቶቿን ያገኘው ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ነው። ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ናት። ቁመቷ አንድ ሜትር ከአሥር ያህል ነው። ዳሌዋና ጉልበቷ ቀጥ ብሎ የሚራመድ ሰው ነው፤ አንጎሏ ግን ከቺምፓንዚ ብዙም አይበልጥም። ወንድምሽ «መካከለኛው» የሚለው ይህንኑ አይደለም? ዲኪካ ላይ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ያገኛት ሰላም አለች፤ የሦስት ዓመት ያህል ሕፃን፣ 3.3 ሚሊዮን። ሌዲ ገራሩ ላይ ቻላቸው ስዩም ያገኘው መንጋጋ አለ፤ 2.8 ሚሊዮን፣ ወደ እኛ ወገን ያደላ። ቦዶ ላይ የተገኘው ራስ ቅል 600,000 ዓመት ገደማ ነው። ፊቱ ግዙፍ ነው፤ አንጎሉ ግን ወደ እኛ ተጠግቷል። ከዚያ የኦሞ ኪቢሽ ሰው፣ ከዚያ የሄርቶው ሰው፣ 160,000 ዓመት።

የአኑናኪን ታሪክ ያመጣው ዘካሪያ ሲቺን ነው፤ መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። እሱ እንደሚለው ሰው የተሠራው ከ300,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ጎና ላይ ግን ስለሺ ሰማውና ባልደረቦቹ ያጠኗቸው የድንጋይ መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን ዓመታቸው ነው። ታዲያ ከዚያ በፊት ሁለት ሚሊዮን ሦስት መቶ ሺህ ዓመት ድንጋይ እየፈለጠ የኖረው ማን ነው?

ክሮሞዞሙን በተመለከተ ወንድምሽ ልክ ነው፤ ሁለቱ ተጣብቀዋል። የጋቢ ጫፍ እንዳይተረተር ይቋጫል አይደል? ክሮሞዞምም ጫፉ ላይ እንዲያ ያለ ቋጭ አለው፤ ቴሎሜር ይባላል። የእኛ ሁለተኛው ክሮሞዞም መሃሉ ላይ ሁለት ቋጮች ፊት ለፊት ተገናኝተው ይገኛሉ። ይህ እ.ኤ.አ. በ1991 ታትሞ ወጥቷል። እያንዳንዱ ክሮሞዞም ሴንትሮሜር የሚባል አንድ ወገብ ሊኖረው ይገባል፤ እዚህኛው ላይ የሁለተኛው ርዝራዥ ደክሞ ይታያል። «ማን አጣበቀው?» ላለው ደግሞ፣ ዛሬም ከሺህ ሰው አንዱ ያህል ሁለት ክሮሞዞም ተጣብቆበት 45 ይዞ ይወለዳል። አብዛኞቹ ጤነኞች ናቸው፤ ሳያውቁት ይኖራሉ። ማንም ላቦራቶሪ አላስገባቸውም።

ፊዚክስ ከወደደ አንድ የቤት ሥራ ስጪው። ኒቢሩ ፀሐይን በ3,600 ዓመት አንዴ ትዞራለች ይባላል። የዙረትን ጊዜና ርቀትን የሚያገናኘውን የኬፕለርን ሦስተኛ ሕግ ወስዶ አማካይ ርቀቷን በራሱ እጅ ያውጣ። ከዚያ ያን ያህል ርቃ የምትሄድ ትልቅ ፕላኔት በየጊዜው በማርስና በጁፒተር መካከል ብታልፍ የእነሱ መንገድ ምን ይሆን እንደነበር ያስብ።

የሰማይ በር፦

በልጁ ላይ አትፍረዱበት። እኔ ጅዳ የሌሊት ጥበቃ ሆኜ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ለብቻዬ ሰማዩን እያየሁ ያደርኩት ሌሊት ብዙ ነው። ያን ያህል ኮከብ ተፈጥሮ ሌላ ማንም የለም ብዬ ማመን ያቅተኛል። የሲቺንን ትምህርት ያገኘሁት ያኔ ነው።

ሳይንቲስቶች በየጊዜው ቁጥር ይቀይራሉ። ኦሞ ላይ የተገኘው ሰው 195,000 ዓመቱ ነው ብለው ነበር፤ አሁን 230,000 ይላሉ። ጥንት ኢራቅ ውስጥ የኖሩት የሱመር ሰዎች ሸክላ ላይ የጻፉት ግን ያው ነው። ወርቅ ለማውጣት ሰውን እንደሠሩ ተጽፏል። የማይለዋወጠውን ማመን አይሻልም?

የአዋሽ ዳር፦

ወንድሜ፣ ስለ ሰማዩ ያልከው ገብቶኛል። አፋር ሌሊት ሜዳ ላይ ተኝቼ እኔም አስቤዋለሁ። ሌላ ቦታ ሕይወት ይኖር ይሆን የሚለው የእውነት ጥያቄ ነው፤ እየተፈለገም ነው። ሆኖም «መጥተው እኛን ሠሩ» ከማለት ጋር ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

የኦሞ ቁጥር ለምን ተቀየረ? አጥንቶቹ የተገኙት እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ከላያቸው ወፍራም የአመድ ንጣፍ አለ፤ በጣም ደቃቅ ስለሆነ በቀጥታ ለመለካት አስቸጋሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ጥናት የአመዱን ኬሚካላዊ ይዘት መረመረ። ከሻላ እሳተ ገሞራ አመድ ጋር ገጠመ። ሻላ አጠገብ ያለው ክሪስታሉ ትልቅ ስለሆነ ይለካል። ተለካ፤ 230,000 ዓመት ገደማ ሆነ። አጥንቱ ከአመዱ በታች ስለሆነ ቢያንስ ያን ያህል ዕድሜ አለው ማለት ነው። የድሮው ቁጥር የተተወው የተሻለ መለኪያ ስለመጣ ነው። እኔ ይህን ሥራ እንድወደው ያደረገኝም እሱ ነው። ስህተት ከሆንኩ አንድ ከረጢት አመድ ሊያርመኝ ይችላል።

አንተን አንድ ነገር ልጠይቅህ። የአኑናኪው ታሪክ ስህተት ቢሆን፣ ስህተት መሆኑን በምን እናውቃለን? ምን ብንቆፍር ነው የሚፈርሰው? እኛ ጋ ቀላል ነው። በአራት ሚሊዮን ዓመቱ ንጣፍ ውስጥ እንደ እኔና እንደ አንተ ያለ ሙሉ ራስ ቅል ይገኝ፤ የተማርኩት ሁሉ ይናጋል። በየዓመቱ እንብርክክ የሚሄዱት ሰዎች ያን ራስ ቅል ቢያገኙ ደብቀው አያስቀምጡትም፤ ስማቸው ለዘላለም የሚነሳበት ነው።

የግዕዝ ተማሪ፦

ሰላም። እኔ ጎጃም ቅኔ ቤት ያደግሁ ነኝ። አሁን ጀርመን የሴም ቋንቋዎች እማራለሁ፤ የጥንት ባቢሎን ቋንቋ የሆነውን አካድኛንም ጨምሬበታለሁ። ስለዚህ «ተጽፏል» ስለተባለው ልናገር።

ወንድሜ የሰማይ በር፣ ሰው የአማልክትን ድካም እንዲሸከም ተፈጠረ የሚለው ታሪክ አለ። አትራሐሲስ በሚባለው የባቢሎን ግጥም ውስጥ ነው። ያለው ግን ይህ ነው፤ ኢጊጊ የሚባሉት ታናናሾቹ አማልክት ወንዝና ቦይ ሲቆፍሩ ዘመናት አለፉ። ጤግሮስንና ኤፍራጥስን ቆፈሩ። ደከሙ፤ መሣሪያቸውን አቃጥለው አመፁ። ያኔ አንድ አምላክ ታረደ፤ ሥጋውና ደሙ ከሸክላ ጋር ተለውሶ ሰው ተሠራ። ወርቅ የሚል ቃል የለበትም። ቦይ ነው። ደቡብ ኢራቅ ውስጥ ቦይ ካልተቆፈረ እህል የለም፤ ቦዩ በየዓመቱ በደለል ይሞላል፤ ገበሬው ዕድሜውን ሙሉ ሲጠርግ ይኖራል። «ይህ ድካም ከየት መጣብን?» ብሎ የጠየቀ ሕዝብ የሰጠው መልስ ነው። ሳነበው የአገሬ ገበሬ ነው ፊቴ የሚመጣው። ወርቅ ቁፋሮ ሲደረግ ያ ሁሉ ሰው ከግጥሙ ይጠፋል። በጣም ያሳዝነኛል።

ኒቢሩም «መሻገሪያ» ማለት ነው። በባቢሎን የኮከብ ጽሑፎች ከዋናው አምላካቸው ከማርዱክ ጋር የተያያዘ ነው፤ ብዙ ጊዜም ጁፒተርን ነው የሚያመለክተው። በ3,600 ዓመት አንዴ ትመጣለች የሚል ጽላት የለም።

ወደ ሄኖክ ልምጣ፤ የእህታችን እናት ያዘነችበት እሱ ነውና። መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን አውሮፓ አደረሰ። በኋላ ሙት ባሕር አጠገብ ቁምራን ዋሻ ውስጥ የአረማይክ ቁርጥራጮች ሲገኙ የእኛ አባቶች ያቆዩት በእውነት ጥንታዊ መሆኑ ታየ። ይህን ለወንድምሽ ንገሪው፤ መኩራት ካለበት በዚህ ይኩራ።

አሁን ምዕራፍ 6ን አብራችሁ አንብቡ። የሚጀምረው የሰው ልጆች ከበዙ በኋላ ነው። መልከ መልካም ሴቶች ልጆች ተወለዱላቸው ይላል። መላእክቱ ያዩት እነዚያን ሴቶች ነው። ሁለት መቶ ሆነው ወረዱ። ልብ በይ፤ ሲወርዱ ሰው ቀድሞ አለ። ባል አለ፤ ሚስት አለች፤ ሴት ልጅ አለች። ታዲያ ይህ የሰው አፈጣጠር ታሪክ እንዴት ይሆናል? የሰፈረው ኃጢአት ነው። ሰይፍ መሥራትን፣ ጌጥን፣ አስማትን አስተማሩ፤ ምድር በደም ተሞላች። ትጉሃንን የፈጣሪያችን ምትክ ማድረግ መጽሐፉ ያወገዛቸውን መልሶ ማክበር ነው። እናትሽ ልክ ናት።

የላስታ ልጅ፦

ስለ ላሊበላ እኔ ልናገር፤ የተወለድኩት እዚያው ነው። አባቴ ድንጋይ ጠራቢ ነበር።

ቪዲዮዎቹ ላይ «ያን ድንጋይ ማን አነሳው?» ይላሉ። ማንም አላነሳውም። ላሊበላ ላይ ድንጋይ አልተካበም። ከላይ ወደ ታች ነው የተፈለፈለው። ዙሪያውን ቦይ ይወርዳሉ፤ መሃሉ ይቀራል፤ ከዚያ በሩንና መስኮቱን ከፍተው ወደ ውስጥ ይገባሉ። ቤተ ጊዮርጊስ ወደ 12 ሜትር ያህል ወደ ታች የወረደ ነው። ቀዩ ድንጋይ የእሳተ ገሞራ ነው፤ በብረት ይጠረባል። አባቴ ልጅ ሳለሁ ቦዩ ውስጥ አስገብቶኝ ግድግዳውን በእጄ አስዳሰሰኝ። የመሣሪያው ጭረት ጎን ለጎን ተሰልፎ አለ። «ይኸ ሰው በግራ እጁ የሚጠርብ ነበር፤ እየው ጭረቱ ወደዚህ ነው የሚያዘነብለው» አለኝ። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ አባቴ ግን የሰው እጅ ያነብ ነበር። የተጠረበው ፍርስራሽ የተደፋበት ቁልልም አለ፤ አርኪዮሎጂስቶች አጥንተውታል። ቦዩ ደግሞ የክረምት ውኃ እንዲወርድ ተዳፋት ተደርጎ ነው የተቆረጠው። የላስታን ክረምት የሚያውቅ ሰው ነው ያን ያሰበው። በእኛ ዘመንም ከላሊበላ ብዙ በማይርቅ ቦታ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ከድንጋይ የፈለፈሉ አባት አሉ፤ በመሮና በዶማ።

መላእክት አግዘዋል የሚለውን እኛም እናምናለን። ግን አባቶች እንዴት እንደሚሉት አዳምጡ። ሰው ቀን ይሠራል፤ መላእክት ሌሊት ያግዛሉ። ሰውን ከሥራው አላስወጡትም። ቪዲዮው ግን ያስወጣዋል።

አክሱምንም አይቻለሁ። ከከተማው በስተምዕራብ ጎቦ ዱራ የሚባል የድንጋይ መፍለጫ አለ። ሽብልቅ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ድንጋዩ ላይ በመስመር ተደርድረው አሁንም አሉ። ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ያህል ነው፤ ክብደቱ ወደ 520 ቶን ይገመታል። ተሰባብሮ ተጋድሟል፤ ሲያቆሙት ሳይወድቅ አልቀረም የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። እዚያ ቆሜ ያሰብኩት ያን ቀን ገመድ የያዙትን ሰዎች ነው።

የጉለሌዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሳምንት ሙሉ ዝም ያልኩት እየሞከርኩ ስለነበር ነው።

መጀመሪያ የሰጠሁት የኬፕለርን የቤት ሥራ ነው። ምንም ሳልጨምር ወረቀቱን ትራሱ ላይ አስቀመጥኩ። ማታ ዩቲዩብ አላየም፤ ሲያሰላ አመሸ። ጠዋት «235 እጥፍ» አለኝ። ከምድር እስከ ፀሐይ ካለው ርቀት ማለቱ ነው። «ሞላላ ከሆነ ደግሞ ሩቁ ጫፍ ወደ 470 ይደርሳል። እዚያ ሲርቁ ፀሐይዋ ኮከብ ነው የምትመስለው። እንዴት ይኖሩበታል?» አለ። እኔን ሳይሆን ራሱን ነበር የሚጠይቀው።

ቅዳሜ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ይዤው ሄድኩ። እማም መጣች። ነጠላዋን አጣፍታ ነው የመጣችው። ምድር ቤቱ ውስጥ የድንቅነሽ ቅጂ ሁለት ነው፤ አንዱ ተጋድሟል፣ ሌላው ቆሟል። እማ የቆመችው ፊት ለፊት ሄዳ ቁመቷን በእጇ ለካች። «የጎረቤታችን ትንሿ ልጅ ታህላለች» አለች። ከዚያ ወንድሜን ክንዱን ይዛ «ብርድ ይሆን የገደላት?» ብላ ጠየቀችው። ከዚያ የተቃጠለ ቡና ወዲህ ረዘም አድርገው የተነጋገሩት ያኔ ነው። እሱም ያወቀውን ያህል መለሰላት።

አልተለወጠም። «ሲቺን የተሳሳተው ወርቁ ላይ ብቻ ይሆናል» ይላል። ምዕራፍ 6ን ግን ከእማ ጋር አነበበው፤ ሰዎቹ ቀድመው እንዳሉ ራሱ ነው የጠቆማት። ትናንት ደግሞ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝና ለጋሼ የአዋሽ ዳር ጠይቂልኝ አለ። «40 በመቶዋ ከተገኘ የቀረው 60 በመቶ የት ሄደ? ካልተገኘስ ምን እንደሚመስል በምን አወቁ?»

የአዋሽ ዳር፦

እህቴ፣ ንገሪው፤ መስክ ላይ የመጀመሪያው ሳምንት እኔም የጠየቅሁት ይህንኑ ነው።

ድንቅነሽ የተገኘችው ጎርፍ በቆረጠው ትንሽ ሸለቆ ዳገት ላይ ነው። አጥንቷ ከአፈሩ የወጣው ዝናብ ሲሸረሽረው ነው። ያው ዝናብ ነው የቀረውን የሚወስደው። ማንም ሳያያት ስንት ክረምት እንዳለፈባት እንጃ። ጥቂት ክረምት ቢዘገይ ኖሮ ያ የክንድ ቁራጭም አይኖርም ነበር።

ሰውነታችን ግራና ቀኝ አለው። ግራው ከተገኘ ቀኙን ገልብጠሽ ታወጪዋለሽ። ጨርሶ ያልተገኘውን ደግሞ ዘመዶቿ ይሞሉታል። እሷ በተገኘች በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1975፣ እዚያው ሐዳር በአንድ ቦታ ቢያንስ የ13 የእሷ ወገኖች ቅሪት ተገኘ። ትልልቆችም ልጆችም አሉ። የእጅና የእግር አጥንቶችም አሉ፤ ከእሷ የጎደሉት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ያ ዳገት አዲስ ነገር ያሳያል። ለዚህ ነው መልሰን መላልሰን የምንሄደው።

ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ጂኦሎጂ ከመረጠ እዚሁ ይጻፍልኝ። ወንፊቱ እንዴት እንደሚያዝ አሳየዋለሁ። ለእናትሽ ደግሞ፣ በምን እንደሞተች ገና እየተከራከርንበት ነው በይልኝ። ከዛፍ ወድቃ ነው የሚሉ አሉ፤ አይደለም የሚሉም አሉ።